ስለ ቱፓክ ሻኩር በባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ የቱፓክ ሻኩርን ፊት ከኋላ መስታወታቸው ላይ ለጥፈው የሚዞሩ ባጃጆች አሉ። ከሹፌሮቹ ብዙዎቹ እሱ ሲሞት ገና አልተወለዱም ነበር። ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቶች ሙዚቃ እያዳመጡ ይወያያሉ፤ ውይይቱን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ከሁሉም በላይ የሚያከራክረን ይኸው ሰው ነው። እዚያ የሚነሡትንና በመልእክት የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው አንድ ላይ አስቀምጫለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ላሳውቅ፦ የቱፓክን ሙዚቃ እወዳለሁ፤ የፈጸመውን በደል ግን ለማለባበስ ፈቃደኛ አይደለሁም። ወሮችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ ለይቼአለሁ።

ቱፓክ ሻኩር ማን ነበር?

አሜሪካዊ የራፕ ሙዚቀኛ፣ ገጣሚና የፊልም ተዋናይ ነበር። ጁን 16 ቀን 1971 (ሰኔ 9 ቀን 1963 ዓ.ም.) በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ፤ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1996 (መስከረም 3 ቀን 1989 ዓ.ም.) በላስቬጋስ ሞተ። ዕድሜው 25 ነበር። የመጀመሪያ አልበሙ የወጣው በ1991 መጨረሻ ስለሆነ፣ ዓለም የሚያውቀው ሥራው ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ የተሠራ ነው።

ስሙን ማን አወጣለት?

እናቱ ናቸው። ሲወለድ የተመዘገበው ሌሴን ፓሪሽ ክሩክስ ተብሎ ነበር፤ ዓመት ገደማ ሲሆነው ቱፓክ አማሩ አሉት። ዳግማዊ ቱፓክ አማሩ በ18ኛው መቶ ዘመን ዛሬ ፔሩ በምትባለው አገር የስፔንን አገዛዝ በመቃወም ያመፀ መሪ ሲሆን በ1781 በአደባባይ ተገድሏል። ልጅን በአርበኛ ስም መጥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የከተማችን አንዱ ክፍለ ከተማ በበላይ ዘለቀ ስም ይጠራል፤ እሱም በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጥቷል። አንዲት እናት ገና አፉን ያልፈታ ልጇን እንዲህ ባለው ሰው ስም ስትጠራ ከልጁ ምን እንደምትጠብቅ ለመረዳት ጎጃሜ ብዙም አይቸገርም።

ስለ ቱፓክ በተወራ ቁጥር እናቱ ለምን ይነሣሉ?

ያለ አፌኒ ሻኩር የቱፓክ ታሪክ ጎደሎ ስለሚሆን ነው። አፌኒ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል ነበሩ። በ1969 ከሌሎች ሃያ የፓርቲው አባላት ጋር በኒውዮርክ የፖሊስ ጣቢያዎችንና የገበያ አዳራሾችን በቦምብ ለማጥቃት አሲረዋል ተብለው ተከሰሱ። ለጊዜው በዋስ ወጥተው ነበር፤ በኋላ ግን ዋስትናው ተነሥቶ ነፍሰ ጡር ሆነው እስር ቤት ገቡ። የሕግ ትምህርት ሳይኖራቸው፣ ጠበቃ ሳያቆሙ፣ በፍርድ ቤት ለራሳቸው ተከራከሩ። ፓርቲው ውስጥ ሠርጎ ገብቶ የነበረውን የፖሊስ ሰላይ በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጠጡት እሳቸው ናቸው። በሜይ 1971 እሳቸውም ሆኑ አብረዋቸው የተከሰሱት ከቀረቡባቸው ከመቶ ሃምሳ በላይ ክሶች በሙሉ ነጻ ወጡ። ቱፓክ ከወር በኋላ ተወለደ።

ልጁ ያደገው የሚታደኑና የሚታሰሩ ሰዎች መካከል ነው። የእንጀራ አባቱ ሙቱሉ ሻኩር የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ በጥብቅ ከሚፈልጋቸው አሥር ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በ1986 ተያዘ። የክርስትና አባቱ ጀሮኒሞ ፕራት በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ሃያ ሰባት ዓመት ታስሯል፤ ፍርዱ በ1997 ተሻረ፤ ኋላም ኑሮውን ታንዛኒያ አድርጎ በ2011 እዚያው አረፈ። ቤቱ የትግል ቤት ነበር፤ የችግርም ቤት ነበር። ትግሉ ሲዳከም አፌኒ ክራክ በተባለው ኮኬይን ሱስ ተያዙ፤ ልጃቸውም ለጊዜው ራቃቸው። ከሱሱ በኋላ ተላቀዋል። «ዲር ማማ» የተባለው ዘፈን ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ያነሣል፤ የእናቱን ሱስ አይደብቅም፤ ምስጋናውንም አይቀንስም። በእኛ የእናት ዘፈኖች ውስጥ እናት እንከን አይወጣላትም፤ ይህ ሰው ግን የእናቱን ድካም በአደባባይ ተናግሮ፣ ከዚያው ከድካሟ ውስጥ ሊያከብራት ቻለ። አዳራሻችን ውስጥ ዘፈኑ አልቆ ለደቂቃዎች ማንም ሳይናገር የቀረበት ጊዜ አለ፤ እናቱ በመጠጥ የተጎዳችበት ልጅ በየትኛውም ከተማ አይጠፋምና።

አፌኒ ልጃቸው ከሞተ በኋላ ሥራዎቹን ሲያስተዳድሩ ቆይተው በ2016 አረፉ።

ተምሯል? ባሌ የተባለውን የአውሮፓውያን የመድረክ ዳንስ ይሠራ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቤተሰቡ ወደ ባልቲሞር ከተዛወረ በኋላ በከተማው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትወና፣ ግጥም፣ ጃዝና ባሌ ተምሯል። የሼክስፒርን ተውኔቶች ተጫውቷል፤ በአንድ የባሌ ትርኢት ደግሞ የአይጦች ንጉሥ ሆኖ ደንሷል። በኋላ ታዋቂ ተዋናይት የሆነችው ጄዳ ፒንኬት የትምህርት ቤት ጓደኛው ነበረች። ሳይጨርስ በ1988 ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ።

ወንድ ልጅ ግጥም ሲጽፍ ወይም ሲደንስ «ይህ ለወንድ አይሆንም» የሚሉ ታላላቆች በከተማችን ዛሬም አሉ። ለእነሱ ከክርክር ይልቅ ይህን የሕይወት ታሪክ አቀርብላቸዋለሁ።

ወደ ራፕ የገባው እንዴት ነው?

በካሊፎርኒያ ሌይላ ስታይንበርግ የምትባል ሴት በምታስተምርበት የግጥም ቡድን ውስጥ ገባ። በእሷ በኩል ዲጂታል አንደርግራውንድ ከተባለው ቡድን ጋር ተዋወቀ፤ መጀመሪያ ዕቃ ተሸካሚና ዳንሰኛ ሆኖ አብሯቸው ዞረ። በ1991 በቡድኑ ዘፈን ላይ ለጥቂት መስመሮች ድምፁ ተሰማ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር የራሱን የመጀመሪያ አልበም አወጣ። ከዚህ አልበም «ብሬንዳስ ጋት ኤ ቤቢ» ተለይቶ ይታወቃል፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ የሆነ ልጅ አርግዛ መውለዷን የሚናገር ጋዜጣ አንብቦ የጻፈው ነው።

ያን ያህል ያወዛገበው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው በስድብ ቃላቱ ይመስለዋል። እሱ ትንሹ ነገር ነው።

ውዝግቡ የጀመረው በቴክሳስ ነው። በ1992 አንድ ወጣት አንድን የትራፊክ ፖሊስ ተኩሶ ገደለ፤ በዚያን ጊዜ በሰረቀው መኪና ውስጥ የቱፓክ ካሴት ነበር። ጠበቆቹ «ሙዚቃው ነው ያነሣሣው» ብለው ተከራከሩ። የወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌልም አልበሙ በአሜሪካ ኅብረተሰብ ውስጥ ቦታ ሊኖረው እንደማይገባ በይፋ ተናገሩ።

በዚያው ዓመት በኦገስት ደግሞ ከዚህ የከፋው ሆነ። ቱፓክ በፊት ይኖርበት በነበረው በካሊፎርኒያው ማሪን ሲቲ በአንድ በዓል ላይ ጠብ ተነሥቶ፣ በስሙ ከተመዘገበ ሽጉጥ የወጣ ጥይት በአካባቢው የነበረ የስድስት ዓመት ሕፃን ገደለ። እሱ በወንጀል አልተፈረደበትም፤ የሕፃኑ ቤተሰብ ያቀረበው የፍትሐ ብሔር ክስ በስምምነት ተዘጋ። የፖሊሱን ጉዳይ ሁሉም ያወራዋል፤ የዚህን ሕፃን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔ ግን ቱፓክን ስናነሣ ይህ ልጅም እንዲነሣ እፈልጋለሁ።

በ1993 በአትላንታ ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበሩ ሁለት ፖሊሶች ላይ ተኩሶ አቆሰላቸው፤ የፖሊሶቹ የራሳቸው አድራጎት በምርመራ ሲታይ ክሱ ወደቀ። በዚያው ዓመት አሌን ሂውዝ የተባለውን የፊልም ዳይሬክተር ከጓደኞቹ ጋር ደበደበ፤ በዚህም አሥራ አምስት ቀን ታስሯል። ይኸው ዳይሬክተር ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ስለ ቱፓክና ስለ አፌኒ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ አቀረበ። የተደበደበ ሰው የደበደበውን ሰው ሕይወት በዚያ ትዕግሥት ሲመረምር ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በፖለቲካ ነው የታሰረው አይደል?

አይደለም። ይህን ጥያቄ በጣም ስለምሰማው በግልጽ እመልሳለሁ።

በኖቬምበር 1993 በኒውዮርክ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ቱፓክና አብረውት የነበሩ ሰዎች ወሲባዊ ጥቃት እንደፈጸሙባት ለፖሊስ አመለከተች። ክሱ ለፍርድ ቀርቦ ታየ። ዲሴምበር 1 ቀን 1994 ዳኞቹ በአንደኛ ደረጃ ወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ብለውታል፤ ከበድ ካሉት ከሌሎቹ ክሶች ነጻ አድርገውታል። በፌብሩዋሪ 1995 ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። እሱ ወንጀሉን እስከ መጨረሻው ክዷል፤ ሆኖም ከእስር ቤት ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃል፣ በዚያ ሌሊት የነበረው አኳኋን ትክክል እንዳልነበር ተናግሯል። ይግባኝ ጠይቆ እያለ ሞት ቀደመው።

ከውሳኔው በፊት በነበረው ሌሊት በማንሃታን አንድ የቀረጻ ስቱዲዮ መግቢያ ላይ ዘራፊዎች አምስት ጥይት ተኩሰውበት ነበር። በማግስቱ ከሆስፒታል ወጥቶ በተሽከርካሪ ወንበር ፍርድ ቤት ቀረበ። ያ ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታየ፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቁስለኛውን ነው። ከሳሿን የሚያስታውስ የለም። «መንግሥት ነው ያሳሰረው» የሚለው ወሬ ወደ እኛም የደረሰው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። የቤተሰቡ ታሪክ የፖለቲካ ስለሆነ፣ የእሱ እስርም የፖለቲካ ሊመስል ይችላል። እናቱ ነጻ የወጡት ማስረጃው ተመርምሮ ነው፤ እሱም የተፈረደበት ማስረጃው ተመርምሮ ነው። አንዱን ፍርድ ተቀብሎ ሌላውን ያለ ምክንያት መጣል ለእውነት መታመን አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ሙዚቃውን ማዳመጥ ተገቢ ነው?

ይህን ጥያቄ አዳራሻችን ውስጥ ደጋግመው የሚያነሡት ሴቶች ናቸው፤ መብታቸውም ነው። ጥያቄው የሚከብደው በዚያው በ1993 «ኪፕ ያ ሄድ አፕ» የተባለውን ዘፈን ስላወጣ ነው። ዘፈኑ ድሃ እናቶችን ያጽናናል፤ ሴትን የሚያዋርዱ ወንዶችን ይወቅሳል፤ ከመታሰቢያዎቹም አንዷ በሎስ አንጀለስ ሱቅ ውስጥ የተገደለችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ላታሻ ሃርሊንስ ናት። በዚያው አልበም ውስጥ ደግሞ ሴቶችን እንደ ዕቃ የሚቆጥር ዘፈን አለ። ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው።

አንዳንዶች «ጥበቡን ከሰውየው ለዩ» ይላሉ። በቱፓክ ዘንድ ይህ አይሆንም፤ የሚዘፍነው ስለ ራሱ ሕይወት ነውና። ሌሎች ጨርሶ እንዲዘጋ ይፈልጋሉ። ያን የመረጠ ሰው አይወቀስም፤ በተለይ ጥቃት ደርሶባት ድምፁን መስማት የማትችል ሴት ምክንያት እንድታቀርብ አትገደድም። እኔ የማዳምጠው ሁለቱን ሳልነጣጥል ነው። ዘፈኑ እውነት ይናገራል፤ የተናገረው ሰው ደግሞ ባወቀው እውነት አልተገዛም። በአዳራሻችን የምናደርገውም ይኸው ነው፦ ያንን ዘፈን ባሰማን ቁጥር የፍርዱን ታሪክ አብረን እናነሣለን። ደስታችንን ያበላሻል ብለው የቀሩ ልጆች አሉ። እንዲመለሱ እመኛለሁ፤ ልማዱን ግን አንተውም።

እስር ቤት ሆኖ አልበሙ አንደኛ ወጣ የሚባለው እንዴት ነው?

«ሚ አጌንስት ዘ ወርልድ» የተቀረጸው ከመታሰሩ በፊት ነው። በማርች 1995 ሲወጣ እሱ እስር ላይ ነበር፤ በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በእስር ላይ እያለ ይህ የደረሰለት የመጀመሪያው ሙዚቀኛ እሱ ነው። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ምርጡ ይኸው አልበም ነው፤ ፍርሃቱን ሳይደብቅ የተናገረበት ነውና።

በኦክቶበር 1995 ሹግ ናይት የሚመራው ዴዝ ሮው የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ የ1.4 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና አቅርቦለት ወጣ። በምላሹ ለኩባንያው ለመሥራት ፈረመ። ከወጣ በኋላ ሌት ተቀን ስቱዲዮ ውስጥ ዋለ፤ በፌብሩዋሪ 1996 ሃያ ሰባት ዘፈን ያለውን «ኦል አይዝ ኦን ሚ» አወጣ። በሽያጭ ከፍ ያለበት፣ ሰላሙን ደግሞ ጨርሶ ያጣበት ዓመት ነበር።

ከቢጊ ጋር ያጣላው ምንድን ነው?

ኖቶሪየስ ቢአይጂ፣ በተለምዶ ቢጊ፣ የኒውዮርክ ራፐር ሲሆን ቀድሞ ወዳጁ ነበር። ቱፓክ በስቱዲዮው መግቢያ በተተኮሰበት ሌሊት ቢጊና ባልደረቦቹ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበሩ፤ አስቀድመው ያውቁ ነበር ብሎ ጠረጠራቸው። እነሱ ክደዋል። ከእስር ሲወጣ ጥርጣሬውን ዘፈን አደረገው፤ በ1996 ያወጣው «ሂት ኤም አፕ» በራፕ ታሪክ ውስጥ ከተሰሙት የስድብ ዘፈኖች ሁሉ የከረረ ነው። መጽሔቶችና የሬዲዮ ጣቢያዎች ጠቡን የምሥራቅና የምዕራብ አሜሪካ ጦርነት አስመስለው አራገቡት፤ ሸጡበትም።

የፉከራና የሽለላ አገር ሰዎች ስለሆንን ዘፈኑን ስሰማ እኔም ልቤ ይነሣል። ፎካሪም ራሱን ያገንናል፣ ጀብዱውን ይቆጥራል፣ ጠላቱን ያንኳስሳል። በሠርግ ላይ የሚፎክር ሰው ግን ባላጋራውን በስም ጠርቶ፣ ሚስቱን አንሥቶ፣ በማግስቱ መሣሪያ ከታጠቁ ሰዎች ጋር ወደ መንገድ አይወጣም። ከወጣማ ፉከራ መሆኑ ያበቃል፤ ሽማግሌ የሚገባበት ደም ነው። በዚያ ጠብ ውስጥ የጎደለው ሽማግሌ ነበር። በዙሪያቸው የነበሩት ትልልቅ ሰዎች የሚያተርፉበት ነጋዴዎች ነበሩ። ቱፓክ በሞተ በስድስተኛው ወር፣ ማርች 9 ቀን 1997፣ ቢጊም በሎስ አንጀለስ በጥይት ተገደለ፤ ዕድሜው 24 ነበር።

ማን ገደለው?

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1996፣ በእኛ ጳጉሜ 2 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በላስቬጋስ የማይክ ታይሰንን የቦክስ ግጥሚያ ተመልክቶ ወጣ። በሆቴሉ አዳራሽ እሱና ጓደኞቹ ኦርላንዶ አንደርሰን የተባለ የተቀናቃኝ የወሮበሎች ቡድን አባል የሆነ ወጣት ደበደቡ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሹግ ናይት በሚነዳው መኪና ውስጥ ሆኖ መብራት ላይ ሲቆም፣ ነጭ ካዲላክ ከጎናቸው መጥቶ ተኮሰባቸው። አራት ጥይት መታው። በአሮጌው ዓመት ጳጉሜ ቆስሎ፣ እኛ እንቁጣጣሽን ካከበርን በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ለሃያ ሰባት ዓመት ማንም አልተከሰሰም። አንደርሰን ግድያውን እንደካደ በ1998 በሌላ የተኩስ ልውውጥ ሞተ። በሴፕቴምበር 2023 የአንደርሰን አጎት ዱዌን ዴቪስ በግድያው ተከሶ ተያዘ፤ በካዲላኩ ውስጥ እንደነበረ ቀደም ሲል በመጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል።

በሕይወት አለ፣ ኩባ ውስጥ ተሸሽጓል የሚባለውስ?

የለም፤ ሞቷል። ወሬው የተነሣው ከሞተ በኋላ «ማካቬሊ» በሚል ስም አልበም ስለወጣለትና ብዙ ያልወጡ ቅጂዎች ስለነበሩት ነው። ኩባ የሚለው ደግሞ የቤተሰቡ ወዳጅ አሳታ ሻኩር ከአሜሪካ እስር ቤት አምልጣ እዚያ ስለኖረች ይመስለኛል።

ክርስቲያን ነበር ወይስ ሙስሊም?

ሻኩር የሚለው ስም በትግሉ ዘመን በእናቱ በኩል የተወሰደ ነው፤ በእሱ ሃይማኖት ላይ ማስረጃ አይሆንም። በጀርባው ላይ ትልቅ መስቀል ተነቅሶ ነበር፤ በዘፈኖቹ ፈጣሪን ደጋግሞ ይጠራል። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ቋሚ አባል ሆኖ ግን አልታወቀም።

ከዚህ ጋር ስለሚነሣው የአልበም ሽፋን ላንሣ። ከሞተ በኋላ በወጣው የማካቬሊ አልበም ላይ እሱ ራሱ ተሰቅሎ የሚያሳይ ሥዕል አለ። በየደሴቱ ገዳም ባለበት በጣና ዙሪያ ላደገ ሰው ይህ ሥዕል ያስደነግጣል፤ የተቆጡ ወላጆችን አውቃለሁ፤ ቁጣቸውም ይገባኛል። ሽፋኑ ላይ ለኢየሱስ ክርስቶስ ንቀትን ለመግለጽ እንዳልተሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሰፍሯል። ሐሳቡ በጋዜጦች ተሰቀልኩ የሚል ነበር። እኔም ጽሑፉን አንብቤ ሥዕሉን አልወደድኩትም፤ የተፈረደበት ሰው ራሱን በንጹሑ ሰማዕት ቦታ ማስቀመጡ ይከብደኛል።

ሆዱ ላይ የተነቀሰው «ታግ ላይፍ» ምን ለማለት ነው?

ቃሉ የወሮበላ ኑሮ ማለት ነው፤ እሱ ግን ፊደላቱን ዘርዝሮ፣ ለሕፃናት የምትሰጡት ጥላቻ ተመልሶ ሁሉንም ይጎዳል የሚል ሐሳብ ሰጥቶታል። ሐሳቡ ጥልቅ ነው። የሚገባው ለጥቂቶች ነበር፤ የቀረው ቃሉን ብቻ ይዞ ሄደ።

ወላጅ ነኝ። ልጄ ቀን ከሌት ቱፓክን ይሰማል፤ ልከልክለው?

አቶም ወይዘሮም እየመጡ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ከላይ የጠቀስኩት የቴክሳስ ጉዳይ መጨረሻው እንዲህ ነበር፦ ዳኞቹ ሙዚቃው ገፋፋው የሚለውን መከራከሪያ አልተቀበሉም፤ ገዳዩ የሞት ፍርድ ተፈርዶበት በ2005 ተገደለ። ዘፈን ብቻውን ሽጉጥ አያስጨብጥም። ይሁን እንጂ ቋንቋው ለትንሽ ልጅ አይሆንም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ከሆነ አዎ፣ ይከልክሉ። አሥራ ስድስት ከሞላው ግን እንዲህ አድርጉ፦ «ዲር ማማ»ን አብራችሁ አዳምጡ፤ ግጥሙን ልጁ በአማርኛ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ የማትሰሙ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ያን ቀን አስተማሪው እሱ ይሆናል። አንዲት እናት ይህን አድርጋ «ስለ እኔ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» ብላኛለች።

ራፕ ከቅኔያችን ጋር አንድ ነው ይባላል። ይስማማሉ?

ስለ ሌሎች ራፐሮች ሊያስኬድ ይችላል፤ ስለ ቱፓክ ግን አልስማማም። ዋሸራን የመሰሉ ስመ ጥር ጉባኤ ቤቶች ያሉበት አገር ልጆች ስለሆንን ይህን መለየት አለብን። ባለ ቅኔ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን ይሰውራል፤ ሰሚው ቆፍሮ ሲያገኘው ይደሰታል። ቱፓክ የሚሰውረው ነገር የለውም፤ ከእሱ የተሻሉ የቃላት ተጫዋቾች በዘመኑ ነበሩ። የእሱ ኃይል በድምፁ ነው። ያንኑ ግጥም ደግሞ ደጋግሞ እየቀዳ ድምፁን በድምፁ ላይ ይደርባል፤ አናባቢዎቹን እየጎተተ የሚያለቅስም የሚያስፈራራም ያስመስለዋል። በዚህ ለእንጉርጉሮና ለቀረርቶ ይቀርባል። በማሲንቆ የሚያንጎራጉር አዝማሪን ያዳመጠ ጆሮ፣ እንግሊዝኛውን ባይከተል እንኳ፣ የቱፓክን ሐዘን ይለያል።

ፊልሞቹስ?

ተዋናይነቱ ከሙዚቃው የሚያንስ አልነበረም። በ1992 «ጁስ» በተባለው ፊልም የተጫወተው፣ ሽጉጥ ከያዘ በኋላ ጓደኞቹን የሚያሸብር ወጣት ነው። በ1993 ከጃኔት ጃክሰን ጋር «ፖኤቲክ ጀስቲስ» ላይ ሠራ። ሁለት ፊልሞቹ ከሞተ በኋላ በ1997 ወጥተዋል። ብዙ ዓመት ቢኖር ኖሮ በትወናው ይበልጥ የሚታወቅ ይመስለኛል።

ከሞተ በኋላ ምን ክብር አገኘ?

«ዲር ማማ» በ2010 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ከሚያቆያቸው ቅጂዎች መካከል ገባ። በ2012 በካሊፎርኒያ የሙዚቃ በዓል ላይ በብርሃን የተሠራ ምስሉ ከራፐሩ ስኑፕ ዶግ ጋር መድረክ ላይ ታየ፤ እኔ አልወደድኩትም፤ የሞተን ሰው ሳይፈቅድ ማስጨፈር ነው። በ2017 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገባ፤ በ2023 ሆሊውድ ጎዳና ላይ በስሙ ኮከብ ተተከለ።

ገና ልጀምር ነው፤ ከየት ልጀምር?

በ«ዲር ማማ» ጀምሩ፤ ቀጥሎ «ብሬንዳስ ጋት ኤ ቤቢ»፤ ከዚያ «ኪፕ ያ ሄድ አፕ»። ሦስቱም ታሪክ ስለሆኑ ግጥሙን እያነበባችሁ ብትሰሙ ይሻላል። «ቼንጅስ» በ1998 የወጣ ቢሆንም የተቀረጸው በሕይወት እያለ በሥራው መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ስለ ድህነትና ስለ ፖሊስ ያለውን አመለካከት ለማወቅ ይበጃል። ከእነዚህ በኋላ «ሚ አጌንስት ዘ ወርልድ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ ስሙት። «ኦል አይዝ ኦን ሚ» ረጅም ስለሆነ ለሁለት ከፍላችሁ ውሰዱት። «ሂት ኤም አፕ»ን ማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ የጠቡን ታሪክ ካነበባችሁ በኋላ፣ ታናናሾቻችሁ በሌሉበት አዳምጡት።